መቆየትም ይወሰናል

(ለወጣት የባንክ ሠራተኞች አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፉን ታግሳችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገም ጠዋት የደንበኛ ማስተናገጃ መስኮት ላይ የምትቀመጡ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ረጅም ጊዜ የሠራሁት በባንክ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ነው። እዚያ ቢሮ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ "ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?" የሚለው ነው። ችግሩ፣ ጥያቄው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። አንዱ መልቀቂያውን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ኪሱ ውስጥ ከቶ ምክር ሊጠይቅ ይመጣል። ከአለቃው ጋር የተጣላው ትናንት ከሰዓት ነው። ሌላዋ "ዘንድሮስ እለቃለሁ" ስትል ዓመታት አልፈዋል። እሱ የወሰነ ይመስለዋል፤ የወሰነለት ግን ንዴቱ ነው። እሷም የቆየች ይመስላታል፤ እንዲያው ቀናቱ ናቸው የገፏት።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። መልቀቅ ውሳኔ እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። መቆየትም እኩል ውሳኔ ይፈልጋል። "የምቆየው ለዚህ ነው፣ እስከዚህ ቀን ነው፣ በምላሹ የምጠይቀው ይሄንን ነው" ተብሎ መወሰን አለበት።

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ሲባል ሰምታችኋል። ይሄ አባባል ስንቱን ጎበዝ ሰው አንድ ወንበር ላይ አስቀርቶታል። በሌላ በኩል ስልካችንን ስንከፍት "ድፈሩ፣ ልቀቁ፣ ሕልማችሁን ኑሩ" የሚል አነቃቂ ንግግር ሞልቷል። ሁለቱም ስለ ብድራችሁ አያውቁም። በየወሩ ወደ አገር ቤት ለእናት ስለምትልኩት ገንዘብ አያውቁም። ታናሽ ወንድማችሁን ማን እንደሚያስተምረው አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱንም ወደ ጎን እናድርጋቸውና ከሒሳቡ እንጀምር።

ከሒሳብ የምጀምረው ገንዘብ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። ገንዘቡ በወረቀት ላይ ካልወጣ ሌላውን ሁሉ ስለሚጋርደው ነው። ሰው "ደመወዝ ጨመሩልኝ" ብሎ ይለቃል፤ የለቀቀው ግን በአለቃው ተማሮ ነው። "ደመወዙ ይሻላል" ብሎ ይቆያል፤ የቆየው ግን ቃለ መጠይቅ ፈርቶ ነው። ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እውነተኛው ምክንያት ብቻውን ይቀራል።

አሁን 20,000 ብር ይከፈላችኋል እንበል። ሌላ ባንክ 26,000 አቀረበ። 6,000 ብር ጭማሪ ነው። ደስ ይላል። ግን ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። ከጭማሪው ላይ 2,100 ብር ሄደ ማለት ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ 420 ብር። እጃችሁ የሚገባው 3,480 ብር ነው። አዲሱ ቅርንጫፍ ከቤታችሁ ሁለት ታክሲ የሚርቅ ከሆነ ከዚያም ላይ ቀንሱ። አሁን የምታገኙት የትራንስፖርት አበል፣ የሕክምና ሽፋን፣ ዓመታዊ ቦነስ አዲሱ ቦታ ላይ ከሌለ እሱንም ቀንሱ። ስንት ሰው ያልተጣራውን ደመወዝ አይቶ እንደሚለቅ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ያውም ሒሳብ ተምሮ፣ ቀኑን ሙሉ ብር ሲቆጥር የሚውል ሰው!

ጡረታውን በተመለከተ የሚያስፈራ ነገር የለም። እናንተ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣችሁት መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ አይጠፋም። አገልግሎታችሁ እየተደመረ ይሄዳል። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ብቻ ያዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የቤት ብድር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሠራተኛ ብድር ወስዳችሁ ቤት የገዛችሁ አላችሁ። ልትወስዱ ወረፋ የያዛችሁም አላችሁ። የሠራተኛ ብድር ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደመወዝተኛ ሆኖ ቤት ለማግኘት ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው፤ እኔ በዚህ አልቀልድም። ነገር ግን ዝቅተኛው ወለድ የተሰጣችሁ ሠራተኛ ስለሆናችሁ ነው። ስትለቁ ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ ተጽፏል። አንዳንዱ ውል ቀሪውን ብድር በአንድ ጊዜ ክፈሉ ይላል። አንዳንዱ ወለዱን ወደ ደንበኛ ወለድ ይቀይረዋል። ውሉን የፈረማችሁት ቤት ስላገኛችሁ ደስ ብሏችሁ፣ ገጹን እያገላበጣችሁ ነው። ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት።

ለምሳሌ ያህል በግምት እንሥራው። 2 ሚሊዮን ብር ቀሪ ብድር፣ 20 ዓመት፣ በ7 በመቶ ወለድ። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 15,500 ብር ነው። ወለዱ 17 በመቶ ሲሆን ያው ብድር በወር ከ29,000 ብር በላይ ይጠይቃል። ልዩነቱ 13,800 ብር አካባቢ ነው። ይሄን ከተጣራ ደመወዝ ለመሸፈን ያልተጣራ ደመወዛችሁ ወደ 24,000 ብር መጨመር አለበት። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ገና ባላችሁበት ናችሁ። ትርፍ የለውም።

እንግዲህ ይሄን ሒሳብ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። "በቃ፣ ቤቴ ይበልጥብኛል፣ እቆያለሁ" ካለ ትክክል ነው። የሚያፍርበት ነገር የለም። የልጆቹን ጣሪያ ነው የመረጠው። እኔ የምለምነው ግን ይሄን ካለ በኋላ በየቀኑ "ታስሬ ነው እንጂ" እያለ እንዳይኖር ነው። አስቦ መርጧል። ታስሬያለሁ የሚል ሰው ሥራውንም ቤቱንም ሳይወዳቸው ያረጃል። ሌላው መልስ ወደ አዲሱ ባንክ ሄዶ "ብድሬን ተረክባችሁ በሠራተኛ ወለድ ትቀጥሉልኛላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነው። በቃል "አዎ፣ አይዞህ" ከተባለ አልተባለም። በጽሑፍ ይምጣ።

ስለ አዲስ ባንክ ካነሳን አይቀር፣ ከ2013 ወዲህ ብዙ አዳዲስ ባንኮች ሥራ ሲጀምሩ ያየነውን ላንሳ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። ባለሙያው ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ምክትሉ ሥራ አስኪያጅ እየሆነ ሄደ። ብዙዎቹ ተጠቅመዋል። በነባሩ ባንክ ቢቆዩ ረጅም ዘመን የሚፈጅባቸውን ደረጃ ባንድ ፊርማ አገኙት። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ልቤን የሚያሳዝነኝ ሌላ ወገን አለ። ሰውየው የተቀጠረው ለችሎታው መስሎት ነበር። ባንኩ የፈለገው ግን ስልኩ ውስጥ ያሉትን ነጋዴ ደንበኞች ነው። ደንበኞቹን ይዞ መጣ፣ ተቀማጩ ገባ፣ ተጨበጨበ። በሚቀጥለው ዓመት ታርጌቱ፣ ማለትም እንዲያመጣ የሚጠበቅበት ተቀማጭ፣ እጥፍ ሆነ። የሚያመጣው ሌላ ነጋዴ አልነበረም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ስትገቡ እናንተም ጠይቁ። "ከእኔ የምትጠብቁት የተቀማጭ መጠን ስንት ነው? ባላመጣስ?" በሉ። የባንኩን ካፒታልም ጠይቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ከፍለው ያስገቡትን ገንዘብ፣ ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዳሳደገ ታውቃላችሁ። ለነባሮቹ 5 ዓመት፣ በምሥረታ ላይ ለነበሩት 7 ዓመት ነው የሰጣቸው። በ2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ። ካፒታሉን ያልሞላ ባንክ ከሌላ ጋር መዋሃድ ሊኖርበት ይችላል፤ ሁለት ባንክ ቢዋሃድ ደግሞ አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች ሁለት ሥራ አስኪያጅ አይፈልጉም። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። የምትገቡበትን ቤት ግድግዳ ዳሱ ለማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያስተውለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን፣ ማለትም እንደ መቅጠርና ማሰናበት ያለ የአስተዳደር ሥልጣን ያለውን ሰው፣ አይሸፍንም። ደረጃ ተሰጥቷችሁ ስትዛወሩ፣ እንደ ሥልጣናችሁ ስፋት የሥራ መሪ ልትባሉ ትችላላችሁ። ያኔ የለመዳችሁት የአዋጅ ጥበቃ ይቀርና የሚያስተዳድራችሁ በዋናነት ውላችሁና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሆናል። ትልቅ ወንበር ሲቀርብላችሁ ውሉን ከወንበሩ በላይ ተመልከቱት።

አሁን ገንዘቡን እንተወውና ወደ አለቃ እንምጣ።

መልቀቂያ ይዘው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ፣ ጥቂት ካወሩ በኋላ የሚያነሱት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ባይኖር አይለቁም ነበር። ለነዚህ የምጠይቀው ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፤ "እሱ ነገ ቢዛወር ትቆያለህ?" በባንክ ቤት እኮ ሰው ይዛወራል። አለቃውም ይዛወራል፣ እናንተም ትዛወራላችሁ። መልሱ "አዎ" ከሆነ የምትፈልጉት ዝውውር ነው፤ መልቀቂያውን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉትና የዝውውር ማመልከቻ ጻፉ። መልሱ "አይ፣ ያኔም እለቃለሁ" ከሆነ አለቃው ምክንያት አልነበረም። ሥራው ራሱ አልሆነላችሁም።

ግን ሒሳብም ዝውውርም የማልመክርበት ቦታ አለ። ከአለቃ ወይም ከአሠሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የደረሰባት ሴት ልጅ፣ ሰብዓዊ ክብሩ የተነካበት ሰው፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን ተናግሮ ያልተሰማ ሰው፣ ሠራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አይጠበቅበትም። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ይሰጠዋል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ይወጣል። ይህ መብት ግን ጊዜ አለው። ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መብቱ ያልፋል። እህቶቼ፣ ይሄን ቁጥር ያዙት። "ለሰው ምን እላለሁ" ስትሉ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ያዙትና የሥራ ባልደረባችሁ ስትጨነቅ ንገሯት።

ሁለተኛው ቦታ ፊርማ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የባንክ ሰው ስለሆናችሁ የግድ ነው። የብድር ፋይሉ አልተሟላም፣ የመያዣው ግምት ከእውነቱ በላይ ተነፍቷል፣ አለቃ ግን "ፈርሚ፣ ከላይ የመጣ ነው" ይላል። ወይም ከገደብህ በላይ የሆነ ክፍያ "አሁን ልቀቀው፣ ነገ ወረቀቱ ይመጣል" ይባላል። እናንተ ባንኩን ትለቁ ይሆናል፤ ፊርማችሁ ግን ፋይሉ ላይ ይቀራል። ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ፋይሎችን የሚመረምረው ቁጥጥር፣ ከዓመት በኋላም ይመጣል። ያኔ "ከላይ የመጣ ነው" ያለው ሰው አጠገባችሁ አይኖርም።

አንዲት የብድር ባለሙያ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ፋይል መጣባት። አልፈርምም አለች፤ ያለችው ግን በቃል አልነበረም። ለምን እንደማትፈርም በግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጽፋ፣ ቁጥር አስይዛ፣ ለአለቃዋ አስገባች። ቅጂውን ያዘች። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉ ለእሷ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቋት፣ ከስብሰባ አስቀሯት። ወጣች። ደመወዟ ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ጀመረች። ዘመዶቿ "ምን ሆነሽ ነው?" አሏት። በኋላ ፋይሉ ሲመረመር ጥያቄ ያልቀረበባት እሷ ብቻ ነበረች። ደመወዝ ዝቅ ብሎ መሄድ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሄ አንዱ ነው።

እንግዲህ ለመቆየት ወስናችሁ ከሆነስ?

ቀን ቁረጡ። ለባንክ ሰው የሚመቸው ጊዜ የሰኔ መጨረሻ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ያኔ ነው። ቦነስ፣ እርከን፣ የደረጃ ዕድገት የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በግንቦት ተናዶ የሚለቅ ሰው የዓመቱን ድካም ትቶ እንደሚሄድ ይወቅ። ቀኑን ከቆረጣችሁ አለቃችሁ ዘንድ ገብታችሁ የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ። ዋና መሥሪያ ቤት መዛወር ነው? ከመስኮት ወደ ብድር ክፍል ነው? ሥልጠና ነው? ብዙ ጎበዝ ልጆች ሥራቸው ራሱ ይናገርልኛል ብለው ዝም ይላሉ። ሥራ አይናገርም። ለደረጃ ዕድገት ስም ሲሰበሰብ የተናገረው ሰው ስም ነው የሚታወሰው። ይሄን ከውስጥ ስላየሁት ነው።

ደመወዝም ጠይቁ። በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቤት ኪራዩን፣ ዘይቱን፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያውን እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚህ ዘመን ደመወዙ ሳይነካ የቆየ ሰው ባለበት አልቆየም፤ ወደ ኋላ ሄዷል። ቆይታችሁ ዝም ካላችሁ በየወሩ እየከፈላችሁ እንደምትቆዩ ቁጠሩት።

አንድ የጊዜ ስሌትም ልጨምር። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ለያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ20,000 ብር ደመወዝ 5 ዓመት የሠራ ሰው ከግብር በፊት ከ46,000 ብር በላይ ይደርሰዋል። አራት ዓመት ከምናምን ወር ላይ ያላችሁ፣ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ቀን እዩት። ሁለት ወር መታገሥ የሁለት ወር ደመወዝ ሊያስገኝ ይችላል።

አወጣጡን ባጭሩ ልለፈው። የሙከራ ጊዜያችሁን ከጨረሳችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ርክክቡን በጽሑፍ አድርጉ፤ ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የሲስተም መግቢያ ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ። ክሊራንስ፣ ማለትም ከባንኩ ዕዳ ወይም ንብረት እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት፣ ሳትይዙ አትውጡ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ሒሳባችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በስንብት ሻይ ላይ ደግሞ ቂም አታውሩ። የባንክ ቤት ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የዛሬ ባልደረባችሁ የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ ባንክ ውስጥ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግላችሁ ሰው ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ከታዳሚው የመጣ አንድ ጥያቄ ነበር። እዚህ የማሰፍረው ብዙ ሴቶች በየቤታቸው የሚያነሱት ስለሆነ ነው። አንዲት ወጣት እንዲህ አለች፤ "የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሌላ ባንክ በተሻለ ደመወዝ ተቀብሎኛል። ማርገዜን አያውቁም። ልሂድ?"

እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ያልኳት ይሄ ነው። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ ባሉት 4 ወራት፣ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ፣ አሠሪ ሊያሰናብትሽ አይችልም። ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ። የሚያሰጋኝ የሙከራ ጊዜው ነው። 60 የሥራ ቀን ነው፤ "ለሥራው ብቁ አልሆነችም" ማለት በጣም የሚቀልላቸው ጊዜ ያ ነው። እውነተኛው ምክንያት እርግዝናው መሆኑን ማስረዳት ደግሞ ላንቺ ይከብዳል፤ ያውም ሆድሽ ገፍቶ፣ ፍርድ ቤት እየተመላለስሽ። ሆድሽም ከሙከራው መጨረሻ በፊት ይታያል። ስለዚህ የመናገር ግዴታ ባይኖርብሽም እኔ ብሆን ከመፈረሜ በፊት እነግራቸዋለሁ። ሰምተው ከተቀበሉሽ ጥሩ ቤት ነው የምትገቢው። ፊታቸው ከተለወጠ ደግሞ አሁን ባለሽበት፣ አገልግሎትሽ በሚታወቅበት ቦታ ወልደሽ፣ ፈቃድሽን ጨርሰሽ፣ ከዚያ ፈልጊ። የዓመት ፈቃድሽንም አስቀምጪው፤ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዘሽ ከልጅሽ ጋር የምትቆይበትን ጊዜ ታረዝሚበታለሽ። ባለቤትሽንም ዛሬ አማክሪው፤ ደመወዙ የሁለታችሁ ነው፣ ልጁም የሁለታችሁ ነው። ያ ሁሉ ሆኖ ልሂድ ካልሽ፣ ደመወዙና ደረጃው የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳታስገቢ።